አርባ ዘጠኝ ቁልፍ ይበቃናል

ውድ አለቃ፣

«ውድ» ያልኩህ እናቴ ደብዳቤ በስድብ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችኝ ብቻ ነው። ስድቡ ከታች ይመጣል። አትቸኩል፤ መቸኮል የቆየ በሽታህ ነው። ጤናህንም አልጠይቅህም። ለልጅ ልጄ በስልክ የላክህላትን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁና ደህና መሆንህን አውቄአለሁ። የታመመ ሰው ያን ያህል ትንፋሽ የለውም።

አዎ፣ ሰምቼዋለሁ። «ለአያትሽ እንዳታሰሚው» ብለህ አስጠንቅቀሃት ነበር። አሰማችኝ። የኔ ዘር ናት፣ ምን ታደርጋለህ!

«አያትሽ ደግ ሰው ነው» ብለህ ጀመርክ። ነገር እንዳለ የገባኝ እዚያው ላይ ነው፤ አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ደግ ብለኸኝ አታውቅም። ቀጠልክ፦ «ደግ ነው፣ ግን ስለ ቁልፍ የሚያውቀው ነገር የለም። አኮርዲዮን ማለት የሚታቀፍ ወናፍ ነው። አንቺ ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ያለውን፣ እንደ ፒያኖ የሚከብደውን ኪቦርድ ግዢ። ቅዳሜ እመጣና ዜማዎቹን እኔው እጫወትልሻለሁ። የሱ እጅ እንደሆነ አብቅቶለታል።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ነው ነገሩ። ሰማንያ ስምንት ቁልፍ! አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ አፍህ ውስጥ የቀሩትን ቁልፎች ቁጠር እስቲ።

እጄ አላበቃለትም። ያበቃለት ትከሻዬ ነው። አምፖል ልቀይር መሰላል ላይ ወጥቼ ወደቅሁና ተሰበረ፤ ከገጠመም በኋላ ሐኪሙ አኮርዲዮኑን ዳግመኛ እንዳላነሳው ከለከለኝ። «ክብደቱን አይችልም፣ መሳቡን ደግሞ ጭራሽ» አለኝ። አኮርዲዮን ካልሳቡት ሻንጣ ነው። ይሄ ወሬ ጆሮህ ሲደርስ ምን እንዳልክም ተነግሮኛል፦ «በመጨረሻ ጸጥታ አገኘን።» አስቀኸኛል። ግን በአፍንጫህ ይውጣ።

የልጅ ልጄ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሏን ባዶ አድርጋ ስቱዲዮ አበጅታለች። አሮጌ ፍራሽ ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ኮምፒውተር አስገብታ፣ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅላለች። ገብቼ ሳየው የእብድ ማቆያ መስሎኝ «ማንን ልታስሪበት ነው?» አልኳት። «አንተን» አለችኝ። «ዜማዎችህን ሳትቀዳ አትወጣም።»

ዜማዎቼን። እዚህ ላይ ትንሽ አይንህን ስበር። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ አንተ ፒያኖ ላይ፣ እኔ ካንተ ኋላ ወንበር ላይ ስንሠራ፣ የሠራኋቸውን ሁሉ ሰው ረስቷቸዋል፤ ከአንዲቷ በቀር። የደረጃዋ ዜማ። ሆቴሉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እንዳወጣኋት አንተም ታውቃለህ፣ አጠገቤ ቆመህ ጫማህን ታስር ነበር። ያኔ ግን መድረክ ላይ ወጥተህ «አሁን ደግሞ አንድ የራሴን» አልክ። ከዚያ ወዲህ ያንተ ሆነች። የልጅ ልጄ ሳትቀር ያንተ ነበር የምትመስላት። እንግዲህ ቅዳሜ መጥተህ በከባዱ ቁልፍ እየደበደብክ ብታስቀዳት፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ የኔ ነበረች የሚል ሰው የት ይገኛል?

ስለዚህ አብሬያት ሱቅ ሄድኩ።

ስለ ዕቃው ልንገርህ፣ ፕሮፌሰር ነኝ ብትልም እንደማታውቅ አውቃለሁ። ሚዲ ኪቦርድ የሚሉት ራሱ ድምፅ የለውም። ስትነካው ለኮምፒውተሩ «ይሄን ቁልፍ ነካ፣ ይሄን ያህል አጠንክሮ ነካ» ብሎ ያቀብላል። የሚዘፍነው ኮምፒውተሩ ነው። ባጭሩ ወሬ አቀባይ ነው። የራሱ ድምፅ የለውም፣ የሰው ይዞ ይዞራል። ሳየው ማን ትዝ እንዳለኝ አልነግርህም።

መላጣው ሻጭ መጀመሪያ ያንተን ምርጫ አሳየን። ጠረጴዛው ላይ እንደ ሬሳ ሣጥን ተጋድሟል። የልጅ ልጄ ሜትሯን አውጥታ ለካችውና «ይሄ ከገባ በሩ አይዘጋም» አለች። «አለቃም ከገባ አይዘጋም» አልኳት። ተቀምጬ ሞከርኩት። ቁልፉ ከመክበዱ የተነሳ የምጫወት ሳይሆን ሊጥ የማቦካ መሰለኝ፤ የዜማው ግማሽ ላይ ስደርስ ጣቶቼ ዛሉ። ቀጥሎ ሃያ አምስት ቁልፍ ያላትን ትንሿን አመጣ። እሷ ደግሞ የድመት ጥርስ! አንድ ልነካ ሁለት እነካለሁ።

«አባት፣ ይሄን ይሞክሩት» አለ ሻጩ፣ አርባ ዘጠኝ ቁልፍ ያለውን አቀረበልኝ። ቁልፉ ቀላል ነው፣ ስፋቱም ለአኮርዲዮን ሰው ጣት ይበቃል። የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቄ የደረጃዋን ዜማ ጀመርኩ።

ሞታ መጣች።

እውነቴን ነው። ድምፁ ሁሉ እኩል፣ ምንም የማይነሳ፣ ምንም የማይወድቅ፤ ልክ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ስም ሲጠራ። እናንተ ፒያኖ ነካኪዎች ስታጠነክሩ ይጮኻል፣ ስታለዝቡ ያንሾካሹካል። የኔ ጣት ይሄን አልተማረም። የኔን ድምፅ የሚያነሳውም የሚጥለውም ወናፉ ነበር። እኔ ሳላዝዘው ግራ ክንዴ አየሩን ይስብ ጀመር። ትከሻዬ ሲወጋኝ ፊቴ ተኮማተረ መሰለኝ፣ ሻጩ ደንግጦ ዘለለ፦

«አባት! ልብዎን ነው? ወንበር ላምጣ? ውሃ!»

«ተወው፣ ደህና ነው» አለች የልጅ ልጄ በሳቅ እየፈረሰች። «አየር እየሳበ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጊታር ሲመርጥ የነበረ አንድ ጎረምሳ በስልኩ ቀረጸኝ። በዚያች ደቂቃ ያንተ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፦ ስለ ቁልፍ የሚያውቀው ነገር የለም። ልንገርህ፣ ለዚህ ነው የምጠላህ። ስለሰረቅከኝ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ ልክ የሆንክ ስለመሰለኝ ነው። «ትልቁን ግዢው፣ እሱ ይምጣ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

እሷ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ጠቅ ጠቅ አድርጋ መጣችና ግራ እጄን ያዘች። ከቁልፎቹ በስተግራ፣ ጠርዙ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል መዘውር አለች። እጄን እዚያ ላይ አሳረፈችልኝ።

«አባባ፣ አሁን ድምፁ በሷ ነው የሚወጣና የሚወርደው። ወደ ላይ ስትገፋት ያድጋል፣ ስትመልሳት ይከስማል። ያቆምካት ቦታ ትቆያለች። ወናፍህ ናት በላት።»

ገፋኋት። አለቃ፣ ተነፈሰች! ክንዴ ከጎኔ ሳይርቅ፣ ትከሻዬ ሳያውቅ፣ በእጅ አንጓዬ ብቻ ዜማው ደረቱን ነፍቶ መልሶ ተነፈሰ። ሻጩ ራሱን እያከከ «ብዙ ሰው እኮ መዘውሯን አይነካትም» አለ። «እኔ ብዙ ሰው አይደለሁማ» አልኩት።

ያንተ ሰማንያ ስምንትም መዘውር አለው፣ አልዋሽም። ግን ቦታ ለመቆጠብ ብለው ከቁልፎቹ በላይ፣ ራቅ አድርገው ነው የተከሉበት። እዚያ ለመድረስ የተሰበረው ትከሻዬ መነሳት አለበት። አርባ ዘጠኙን ገዛን። የልጅ ልጄ ደስ አላት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ልክ ገባላት። «ለነገሩ» አለችኝ ሣጥኑን ተሸክማ፣ «ሁለታችሁም ስትሞቱ የምጫወትበት እኔ ነኝ።» ያንተን ሞት ብቻ ብታነሳ ደስ ባለኝ፤ ሁለታችሁም ነው ያለችው። እንደሷ አይነት ሐቀኛ ከየት እንደመጣብን!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፍራሹ መሃል ተቀመጥኩና የደረጃዋን ዜማ ቀዳን። ዜማዋ መሃል ላይ፣ ወናፉ እስከ ጫፍ ተስቦ ሲያልቅ፣ አንዲት ዝምታ አለች። ደረጃ ላይ ወጥቶ የደከመው ሰው ቆም የሚልባት ቦታ ናት። እዚያ ስደርስ መዘውሯን እስከ ታች መለስኳት። ጸጥ አለ።

የልጅ ልጄ ማዳመጫዋን ካንድ ጆሮዋ አነሳች። «አባባ፣ ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም። ዜማው ነው።»

«እኔ የማውቀው ላይ እኮ ይሄ የለም። እዚህ ጋ ጋሼ አለቃ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች ያንደረድሩታል።»

«ያንደረድራል። እንደፈነዳ ቧንቧ። ሰውም ያጨበጭብለታል።»

መልሳ ከመጀመሪያው አዳመጠችው። ዝምታዋ ጋ ሲደርስ አይኗን ጨፈነች። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ የዜማውን ስም ጻፈች፣ ከጎኑ የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ነበር። የማንን ልጻፍ ብላ አልጠየቀችኝም። የኔን ጻፈች።

ቅዳሜ ና። «አይምጣ» ልላት ስል «ጠርቻቸዋለሁ፣ አሳፍሬ አልመልሳቸውም» ብላ ተቆጣችኝ። እንግዲህ ና። አርባ ዘጠኙ ላይ በቀኝ እጅህ ስትጫወት ግራ እጅህ መሄጃ ያጣል፤ ስለዚህ መጫወቱን እርሳው። አንተ የምትቀመጠው በሩ ጋ ባለው ወንበር ላይ ነው። ማዳመጫውን እሷ ታጠልቅልሃለች። እኔ ፊትህን አላይም፤ ጉልበትህ ላይ ያሉትን ጣቶችህን ነው የማየው። ዝምታዋ ጋ ስትደርስ ሊያንደረድሩ ከተንቀሳቀሱ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ከፊቴ ተቀምጠህ አንድ ቀን እንኳ እንዳልሰማኸኝ አውቃለሁ፤ ሻይህን ጠጥተህ ትሄዳለህ። ካልተንቀሳቀሱ ግን፣ ሰው ረስቷቸዋል ያልኳቸው ሌሎች ዜማዎች አሉ፤ ቁጭ በልና እንጣላባቸው።

የማላከብርህ፣
የደረጃዋ ዜማ ባለቤት