ሚስማር ላይ ለተንጠለጠለው ቁልፌ የቀረበ ምስጋና

...እና ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ነበር። አልተበጠሰም፤ አልተቆረጠም። ክቡ በክቡ ላይ ተደርቦ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ገመድ በሚያውቅ እጅ...

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ኢንጂነር። ሰላምታ ሳላስቀድም ከመሐል ጀመርኩ። ሰሞኑን ሁሉም ነገር ከዚያ ሰንሰለት ይጀምርብኛል፤ ሻይ ስቀዳም፣ ጫማዬን ሳስርም።

ለሕንጻችን የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ለመግቢያችን እብነ በረድ አባትና ጠባቂ፣ ከፊት ለፊትዎ ያለው ጎረቤት ቤቱን ዘግቶ ኩዌት ከሄደ ወዲህ ለሁለተኛው ፎቅ ብቸኛ ነዋሪ፣ ለክቡር ኢንጂነር ረእፈት ሻሂን፤ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? የደም ግፊትዎ በእኛ በነዋሪዎች ጥፋት ከፍ እንደሚል በየስብሰባው ስለሚያሳስቡን፣ እኔም ባለቤቴ ኢንሺራህም ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ ተቀምጠው እንዲያነቡት ከልብ እንመኛለን።

በርዎን አንኳኩቼ በእጅዎ ልሰጥዎ እችል ነበር። ነገር ግን እርስዎ ለእኛ የሚጽፉትን ሁሉ ሊፍቱ በር ላይ ስለሚለጥፉት፣ እኔም ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ከዚያ ያነሰ ቦታ አይገባውም ብዬ አሰብኩ።

ጉዳዩ ብስክሌት ነው። ለማያውቁት ጎረቤቶች ባጭሩ ላስረዳ። ኢንሺራህን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ እግሯ እንደልብ አይታዘዛትም። የሚኒባሱ መወጣጫ ለእሷ ግድግዳ ነው፤ ሾፌሩም ቆሞ የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ጀልባ የሚሠራ አንድ አናጢ ከብስክሌቴ ኋላ ወንበር ሠራላት፤ መደገፊያ ያለው፣ ለደካማው እግር ማሰሪያ ያለው። በየሁለት ቀኑ እዚህ ከፖርት ፉአድ የመርከብ ቦዩን በሚያሻግረው ጀልባ ተሳፍረን፣ ማዶ ፖርት ሰኢድ ወዳለው ፊዚዮቴራፒ እወስዳታለሁ። የሚያክማት ልጅ የነገረኝን ከራሴ ላወጣው አልቻልኩም። "አጎቴ፣ ይሄ እግር ካቋረጠ ይደርቃል። ከደረቀ እኔ ጋ እንዳትመጡ፤ ምንም አላደርግላችሁም" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ፈገግ ብሎ ለምን እንደሚናገር አላውቅም።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ።

አንደኛ፤ ስለ ሚስማሩ አመሰግናለሁ። ብስክሌት በሊፍት እንዳይወጣ ካገዱ በኋላ፣ እኔም አራተኛ ፎቅ ተሸክሜው መውጣት ሲያቅተኝ፣ ከደረጃው ብረት ጋር በሰንሰለት ማሰር ጀመርኩ። እርስዎም ወዲያው፣ እሳት ቢነሳ መተላለፊያው እንዳይዘጋ ተጨንቀው፣ መግቢያው ላይ የሚቆለፍ ማንኛውም ነገር መለዋወጫ ቁልፉ ከዘበኛው ክፍል በር አጠገብ ሚስማር ላይ እንዲሰቀል አዘዙ። ሰቀልኩ። ትንሽ ካርቶን ቆርጬ ስሜንና የቤት ቁጥሬን ጽፌ፣ በሚያምር ክር አስሬ ሰቀልኩ። በዚህ ከተማ መኪናውን በሰው መኪና ፊት አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ስቦ የሚሄድ ሰው እናት ያሳደገችው አይባልም፤ ፍሬኑን ለቆ መሄድ ነው፣ ጎረቤት ገፋ አድርጎ እንዲያልፍ። እኔም በዚህ ጨዋነት ነው ያደግኩት። ቁልፍ ያለው ሰው ቁልፉን ለራሱ ብቻ ቢይዝ ነውር መስሎ ይታየኛል። ሌባ ይህን ጨዋነታችንን ከእኛ የበለጠ እንደሚያከብረው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ወረድኩ። ብስክሌቱ የለም። ሰንሰለቱ ተጠቅልሏል። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ፣ ካርቶኑ በትክክል ወደ ፊት ዞሮ።

ዘበኛችንን ቡርዒን ጠየቅኩት። ከምሳ በኋላ ጀርባው ክፍል ውስጥ ጋደም እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን።

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ፣ ኡስታዝ ሙፊድ? ሚስማሩን ጠይቀው። ቁልፍ እንዲጠብቅ የታዘዘው እሱ ነው" አለኝ።

"ማንም ሲገባ አላየህም?"

"የገባ ሰውማ የለም። የውጪው በር ሲከፈት እንደ አህያ ነው የሚያናፋው፤ ያነቃኛል። ሲወጣ ግን ሰው ከውስጥ ቀስ አርጎ ከያዘው ዝም ይላል።"

ይህን ብሎ ራሱ በተናገረው ነገር የደነገጠ መሰለኝ። ሻይ ላፍላልህ አለኝ።

እርስዎ ደግሞ፣ ክቡር ኢንጂነር፣ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው አጽናኑኝ። "ኡስታዝ ሙፊድ፣ እኔ መቼም ተናግሬአለሁ። መግቢያ የሰው ነው፤ የብረት አይደለም። አላህ የተሻለ ይተካልህ" አሉኝ። አሜን አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ብስክሌቱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ሰው የሚያህል ተክል በትልቅ ማሰሮ ቆሞ አገኘሁ። እንደ ሐዘን መግለጫ አበባ ቆጠርኩት። ማሰሮው ከደምያጥ ታዝዞ የመጣ እንደሆነና ለመድረስም ሳምንታት እንደፈጀ ያወረዱት ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ። የእርስዎ አርቆ አሳቢነት እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል።

ኢንሺራህ መስኮቱ አጠገብ ሆና ወሬውን ሰማች።  ከዚያ፣ "ብስክሌቱስ ይሁን። ወንበሩን ምን ያረግለታል?" አለች። "ሚስቱ እንደኔ ታማ ከሆነ ማሰሪያውን ወደ ግራ ነው የሚስበው በለው። ወደ ቀኝ ከሳበው ያማል።"

ሌላ ብስክሌት እስክንገዛ፣ አናጢውም ሌላ ወንበር እስኪሠራ ድረስ፣ ሕክምናው ተቋረጠ። እግሯ መታጠፍ ጀመረ። ማታ ማታ ቀጥ አደርገዋለሁ፤ ጠዋት ተመልሶ ይጠብቀኛል።

ሁለተኛ፤ መቆለፊያ መምረጥ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር እማራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማዶ ተሻግሬ ብስክሌት ሻጩ ሚላድ ዘንድ ሄድኩ። ሚላድ ከጠረጴዛው ላይ ሁሉንም ደረደረልኝ፤ በጎማ የተሸፈነ ቀጭን ሽቦ፣ የፈረስ ጫማ የመሰለ ወፍራም ብረት፣ ባለ ቁጥር ጓጉንቸር፣ የጣቴን ውፍረት የሚያህል ሰንሰለት፣ ሲነኩት የሚጮህ ማንቂያ።

"ሽቦውን እርሳው" አለኝ፤ "በመቀስ ይሄዳል። ባለ ቁጥሩን ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። የፈረስ ጫማው ጥሩ ነበር፤ ያንተ የደረጃ ብረት ግን ወፍራም ነው፣ አይዞርለትም። ሌባህ በምንድነው የሚሠራው? በመጋዝ ነው? በመቁረጫ?"

"በቁልፍ" አልኩት።

"በምን ቁልፍ?"

"በኔ ቁልፍ።"

ሚላድ መነጽሩን አወለቀ። የሚስማሩን ነገር ነገርኩት። ሳቀ፤ እኔ እንደማልስቅ ሲያይ ተወው።

"ስማኝ ወንድሜ፣ ከውጪ ለሚመጣ ሰው የፈለግከውን ብረት እሸጥልሃለሁ። ቁልፍህ የት እንደሚሰቀል ለሚያውቅ ሰው ግን ብረት ብሸጥልህ ገንዘብህን በላሁ ማለት ነው።"

ቢሆንም ወፍራሙን ሰንሰለትና የሚጮኸውን ማንቂያ ገዛሁ። ሌላም አንዲት ትንሽ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ጨመረልኝ፤ ስለ እሷ እዚህ መጻፉ አስፈላጊ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ማንቂያውን ለጎረቤቶቼ ጆሮ ሲሉ ስላረሙልኝ አመሰግናለሁ። አዲሱን ብስክሌት ከማሰሮዎ ወዲህ ካለው ብረት ጋር አሰርኩት። እውነት ነው፤ ማንቂያው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥፋት ሠርቷል። ድመት ስትነካው ጮኸ። በቦዩ የሚያልፍ ትልቅ መርከብ ጥሩምባውን ሲነፋ መስኮቶቻችን ይንቀጠቀጣሉ፤ ያኔም ጮኸ። በጮኸ ቁጥር በባዶ እግሬ አራት ፎቅ ወርጃለሁ፤ በወረድኩ ቁጥርም ከሁለተኛው ፎቅ በር ክፍተት ራስዎን አውጥተው፣ "ኡስታዝ፣ ይሄ ነገርህ ይገድለኛል" ብለውኛል። ማስታወቂያ ተለጠፈ። የማንቂያው ሪሞት ከቁልፉ ጋር ሚስማሩ ላይ ይሰቀል ተባለ፤ ሲጮህ ማንም ያጠፋው ዘንድ። እንደገና ካርቶን ቆረጥኩ። እንደገና ክር አሰርኩ። ኢንሺራህ ከአልጋዋ ላይ ታየኝ ነበር።

"ለሌባው የሻይ ብርጭቆም አብረህ ስቀልለት" አለችኝ። "ስኳሩን ግን አታብዛበት፤ ስኳር ካለበት ይጎዳዋል።"

እኔ አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀችም።

አራተኛ። ይህኛው ምስጋና ይሁን ጥያቄ እርግጠኛ አይደለሁም። የሰንሰለቱን አጠቀላለል አስባለሁ። ቡርዒ የሸንኮራ አገር የሶሃግ ልጅ ነው፤ ማንኛውንም ነገር እንደ ሸንኮራ ነዶ ቋጥሮ ነው የሚያስረው፣ አንድም ቀን ሲጠቀልል አላየሁትም። በዚህ ከተማ ግን ግማሻችን ከመርከብ ገመድ ጋር ያረጀን ሰዎች ነን። ገመድ በመዘርጋትና በመጠቅለል ያለፈ እጅ ጡረታ ከወጣ በኋላም ዝም ብሎ አይተወውም፤ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ፣ የልብስ ማድረቂያውን ሲባጎ ይጠቀልላል። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ግን እኔ ወደ ቀኝ ነው የምጠቀልለው። ሰንሰለቱ ወደ ግራ ነበር። እርስዎ በየዓርቡ ማሰሮውን የሚያጠጡበትን ጎማ እመለከታለሁ። ማንንም አልጠረጥርም። እመለከታለሁ ብቻ።

አንዳንዴ እጠራጠራለሁ፤ ራሴኑ። ምናልባት ሁሉም ነገር በአጋጣሚ ነው፤ ምናልባት ሰው ሲፈራ ከጎማ ውስጥም ፊት ያያል። ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማዳምጠው የኢንሺራህን ትንፋሽ ነበር። አሁን መጀመሪያ የማዳምጠው መግቢያውን ነው። ለዚህም የማመሰግነው አላጣሁም።

የምጠይቅዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ሚስማሩን ይንቀሉልኝ። ወይም፣ ሚስማሩ ለሕንጻችን ደህንነት ይህን ያህል ካስፈለገ፣ የእርስዎም የቤት ቁልፍ በካርቶንና በክር ተውቦ ከእኔው ጎን ይሰቀል፤ እሳት መቼም ሁለተኛ ፎቅን አይፈራም። ነገ ጠዋት ኢንሺራህ ቀጠሮ አላት። የሚያክማት ልጅ አሁን አሁን ጉልበቷ ትንሽ ትንሽ እየታዘዘ ነው ብሏል፤ ይህን ሲል ግን ፈገግ አላለም፣ ስለዚህ አመንኩት። ይህ ብስክሌት እንደ መጀመሪያው ቢሄድ ሌላ የለንም፤ ያ እግርም ሌላ ዕድል የለውም።

በመግቢያዎ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ለመራመድ ዝግጁ የሆንኩ፣ ለእብነ በረድዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማሰሮዎ ለምለም ቅጠል፣ ለእርስዎም ምንም የማይረብሸው የከሰዓት እንቅልፍ የምመኝ፤

ታዛዥ ጎረቤትዎ፣ የካርቶን ቆራጭና የክር አሳሪ፣ የአራተኛ ፎቁ ሙፊድ ዘህራን

ተጨማሪ፤ ደብዳቤውን አጥፌ ልለጥፈው ከቤቴ ስወጣ፣ ሕንጻው ሁሉ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ከታች ሁለት አጫጭር ድምፆች ተሰሙ፤ ጢት፣ ጢት። ማንቂያው እንዲህ የሚለው በሪሞት ሲጠፋ ብቻ ነው። ከዚያ ጎማ በድንጋይ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ረጅም ድምፅ። ሊፍቱን አልጠበቅኩም። እየሮጥኩ፣ እያሳልኩ ነው የወረድኩት፤ ደረጃችን ጨለማ ነው፣ አምፖሎቹ ለቁጠባ ተነስተዋልና፤ በሁለተኛው ፎቅ አጠገብ ሳልፍ ማንንም ለማየት አልቆምኩም።

መግቢያው ላይ ሰው የለም። የቡርዒ ማንኮራፋት ከጀርባ ክፍሉ ይሰማል። ቁልፉና ሪሞቱ ሚስማሩ ላይ ናቸው፤ ካርቶኖቹ እየተወዛወዙ። ሰንሰለቱ ተጠቅልሏል። ወደ ግራ። ብስክሌቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ከብረቱ እስከ መግቢያው መሐል ተጎትቶ ተጋድሟል። ሚላድ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሰጠኝ ትንሽ መቆለፊያ የኋላውን ጎማ ነክሶ ይዞታል፤ የእሷ መክፈቻ አንድ ብቻ ነው፣ ኢንሺራህ አንገት ላይ ነው፣ ስለዚህም ሚስማር አያውቅም። ወንበሩ ደህና ነው። ማሰሪያውም። ነገ እንሻገራለን።

አዝናለሁ ግን፣ ክቡር ኢንጂነር፤ የማይዞረው ጎማ በእብነ በረድዎ ላይ ከዳር እስከ መሐል ጥቁር መስመር አስምሮበታል። ላጠፋው ጎንበስ አልኩ። ወለሉ ላይ ከመስመሩ ጎን የማሰሮዎ እርጥብ አፈር የነካው የነጠላ ጫማ ዱካ አለ፤ ወደ ውጪው በር ሳይሆን ወደ ደረጃው የሚሄድ። ቀና ብዬ በደረጃው ክፍተት ወደ ላይ ተመለከትኩ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ በሚጠነቀቅ እጅ፣ አንድ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።