የአባባ አገጭ

እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ተመስገን አለን፤ የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ። ጽሑፌ ከተጣመመብሽ ጠረጴዛው እየተነቃነቀ ነው።

ፀጉር ቤቴ እንደምታውቂው አይደለም። ሕፃናትን ወንበር ላይ ከፍ የማደርግባት ጣውላ አቧራ ለብሳለች፤ በሩ ሥር የሚደረደረው ከዘራ ብቻ ሆኗል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሌላ ፀጉር ቤት ተከፍቷል። ባለቤቱን ሰፈሩ "ወጣቱ" ይለዋል፤ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው።

አባባ በዘጠና ዓመታቸው ከድተውኝ እሱ ዘንድ መላጨት ጀመሩልሽ። አርባ ዓመት ያንን አገጭ የላጨሁት እኔ ነኝ፤ ከግራ ጆሯቸው ሥር ያለችውን ጠባሳ ዓይኔን ጨፍኜ አልፋታለሁ። ባለፈው በመስኮት አየኋቸው። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ምንም አልቀረም። እኔ ጋ እኮ የወንበሩን እጀታ ጭምድድ አድርገው ይዘው ነበር የሚቀመጡት። ደሜ ፈላ።

ማታ "ምን አጎደልኩብዎት?" ብላቸው፣ "ደክመሃል ልጄ፣ እረፍ" አሉኝ። በስልሳ ስድስት ዓመት ምን ድካም አለ? ያቺ ያለፈው ወር ጭረት እንደሆነች የምላጩ ጥፋት ናት።

ደግሞ ሰሞኑን አዲስ ነገር አምጥተዋል። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ጠብቀው "ና ወዲህ" ይሉኛል፤ የሸሚዜን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ይቆልፉልኛል። ደስ ይበላቸው ብዬ እቆምላቸዋለሁ።

ይህን እንኳ ወጣቱ አያገኘውም።

ደህና ሁኚልኝ፤ ለመሳሳም ያብቃን።

ወንድምሽ