ሦስት ጆንያ ጆርናል

ገዳሪፍ፣ ሱዳን። ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2003

የጠዋት ቆጠራ፦ ደብተር አሥራ አንድ ደርዘን። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ዘጠኝ ደስጣ። እስክሪብቶ አራት ካርቶን። ከኮሌጁ የመጣ የግብርና ጆርናል ሦስት ጆንያ።

ያስጫነኝ የጆርናሉ አዘጋጅ ዶክተር ኢሀብ ራሱ ነው። "ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ሕትመት የለም። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። መጋዘኑን አጽዳልኝ።" ስድስት ዓመት ያተምኩለት ጆርናል... ማተሚያ ማሽኑን አሁን ለምን ላውለው? ለሠርግ ጥሪ?

ለናሙና ከየእትሙ አንድ አንድ አስቀር ነበር። እሱንም ጆንያው ውስጥ ጨመርኩት። ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል? ሁሉንም ለውዝ ሻጯ ባሕሪያ ለመጠቅለያ ወሰደችው።

ረቡዕ 10

ገበያ የለም። ማሽኑን ዘይት ቀባሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ 13

ናጂያ መጣች። የሟች ወንድሜ ልጅ፣ "አሚ"፣ አጎቴ፣ ነው የምትለኝ፣ ኮሌጁ ውስጥ ረዳት መምህርት። ካርቱም ለማስተርስ ነፃ የትምህርት ዕድል ወጥቷል። ሐሙስ ይዘጋል።

"አሚ፣ ጽሑፌ ያለበትን የመጨረሻውን እትም ስጠኝ። የኔን ቢሮው አጠፋው።"

"ኢንተርኔቱስ?"

"አዲሱን ብቻ ነው የጫኑት። የድሮው በተራ ይገባል ይላሉ። የትምህርት ዕድሉ ኮሚቴ ደግሞ ወይ የሚከፈት ሊንክ ወይ ዋናውን ሕትመት ነው የሚለው። ፎቶ ኮፒ አይቀበልም።"

"መጋዘን አያለሁ" አልኳት። የቱን መጋዘን? ዶክተር ኢሀብ ዘንድ ደወልኩ። ፋይሉ የነበረበት ኮምፒውተር ተቃጥሏል፤ እኔ ዘንድ ደግሞ ፋይል አይቀርም።

እሑድ 14

ባሕሪያ ዘንድ ሁለቱ ጆንያ አልቋል። ሦስተኛውን መሬት ላይ አራግፈን አንድ በአንድ አየን።

"ምነው ያዕቁብ፣ ዛሬ ማንበብ አማረህ? የኔን ለውዝ የበላ ሁሉ ዶክተር ሆኗል እኮ!"

አልሳቅሁም። የናጂያ እትም የለም። አንድም። ልንገራት? ...መጀመሪያ መፍትሔ።

ሰኞ 15

ናጂያ ቀደመችኝ። የለውዝ ጥቅልል ይዛ ገባች። ለውዙን አፍስሳ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ገጽ 43። የሰሊጥ በሽታ ሠንጠረዥ። ጨውና ዘይት ነክቶታል።

"አሚ፣ ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው።"

ነገርኳት። እኔ ነኝ የሰጠሁት አልኳት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "አባቴ ቢኖር ያስቀምጥልኝ ነበር" ብቻ አለች።

ቆይቼ ጠየቅኋት። ስንት ቅጂ ሰጡሽ? ሦስት። አንዱን ቢሮው አጠፋው። አንዱን የወሰደው መምህር ፖርት ሱዳን ነው። ሦስተኛው መፋዛ ከተማ፣ ገበሬው አደም ዘንድ። ሙከራውን የሠራችበት ማሳ ባለቤት ነው። ማንበብ አይችልም። የማሳው ፎቶ አለበት ብላ ሰጠችው።

ደወልኩ። የአደም ስልክ ዝግ ነው። አጨዳ ላይ ይሆናል።

ማክሰኞ 16

መፋዛ ደርሼ መጣሁ። አደም ጆርናሉን ከመሬቱ ወረቀት ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል።

"አልሰጥም" አለ። "ኢንተርኔት ላይ ይገባል ትለኛለህ። እኔ ኢንተርኔት የት አለኝ?"

ስኳር አልኩት፣ ሻይ ቅጠል አልኩት። ንቅንቅ የለም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልሰጥም። በመጨረሻ፣ "በማሽኔ አዲስ አትምልሃለሁ። ፎቶውን በሙሉ ገጽ" አልኩት።

"በቀለም?"

"በቀለም።"

ሳጥኑን ከፈተ። ጆርናሉን እስከ ገዳሪፍ ሸሚዜ ውስጥ ይዤው መጣሁ።

ረቡዕ 17

ናጂያ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ገጽ በገጽ ስካን አስደረግሁ። አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለዶክተር ኢሀብ። "እስኪጫን እዚህ እቀመጣለሁ" አልኩት። ቢሮው ውስጥ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። ተጫነ።

ቅዳሜ 20

ናጂያ ደወለች። ሐሙስ ከቀትር በፊት ተቀብለዋታል። ውጤቱ ገና ነው። መጀመሪያ ስለ ኮሚቴው ብቻ ነበር የምታወራው፣ ደረቅ አድርጋ። ልትዘጋ ስትል፣ "አሚ፣ እስክመለስ ለውዝ እንዳትገዛ!" አለች። ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

የአደም ቅጂ ታትሞ አለቀ። አረንጓዴው ትንሽ ደመቀ፣ አይከፋም። ሁለት አተምኩ። አንዱ ቆርቆሮ ሳጥኔ ውስጥ ገባ።

ነገ፦ ለባሕሪያ አሮጌ ጋዜጣ ይዞ መሄድ፣ በምትኩ የተረፈውን ጆርናል ወደ ሱቄ መመለስ።