ኮኮናቱን የምወረውረው እኔ ነኝ

ይድረስ በዛንዚባር ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሜ ለጌላ።

እንደምን ከረምህ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር አለሁ። ጽሕፈቱ የተንጋደደው የራሴ ስለሆነ ነው። ጸሐፊው መራራ ቃሌን በማር እየለወሰ እንደሚልክልህ ስደርስበት፣ በስተርጅናዬ ከቤተ መቅደሱ አገልጋይ ፊደል ተማርሁ።

ባሌን ዳምጂን ታውቀዋለህ። ሃንሲ የምንላት ያቺ ነጭ የእሳት መርከብ ከመጣች ወዲህ ሸራ አስጠላው። እውነትም ጀልባ ሳምንት የሚፈጅበትን የቦምቤይ መንገድ እሷ በሁለት ቀን ትጨርሰው ነበር። ሙሽራውን፣ ተማሪውን፣ ተሳላሚውን ስታመላልስ ኖረች፤ የአንድ ሰው እግር እንኳ አልረጠበም። ዳምጂም መሪዋን ጨብጦ ሲያልፍ በሸራ ወደሚሄዱት ዞር ብሎ አያይም።

አምና ግን ዝናቡ ሳያባራ፣ በሽራቫን ሙሉ ጨረቃ የባሕሩን መንገድ የሚያስከፍተው ኮኮናት ሳይወረወር መርከቧ ልትወጣ ሆነ። «አንተ ሰው፣ ጨረቃዋ እስክትሞላ ቆይ» ስለው፣ «እሳት የሚበላ መርከብ ደግሞ ጨረቃ ያስፈቅዳል?» ብሎ ሳቀብኝ። የመርከቧ ወኪልም ተሳፋሪው ሞልቷል ብሎ ባሕረኞቹን አጣደፋቸው። በማግሥቱ ማዕበል ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሃንሲን ያየ የለም፤ አንዲት ሳንቃ እንኳ አልተገኘችም።

የመጀመሪያውን ኮኮናት የምትወረውረው የአንጋፋው የመርከብ መሪ ሚስት ናት፤ ስወረውር የኖርሁት እኔ ነኝ። ሰሞኑን የሰፈራችን ሽማግሌ ራያሲ ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ጄትባይ፣ የመበለት እጅ ባሕር ያስቆጣል። ወንድምሽ ካልፈቀደ ቤትሽ ተቀመጪ» አለኝ። «ባሕሩ አምና ሲቆጣ የጋብቻ አምባሬ እጄ ላይ ነበር። ታዲያ ያኔ ያስቆጣው ማን ነው፣ አንተ ነህ?» አልሁት። ሴቶቹ ከአጥር ጀርባ ሲስቁ ጊዜ ጥምጣሙን አስተካክሎ ሄደ።

ልጄ ካርማን ዘንድሮ የአባቱን የድሮ ጀልባ ይዞ ይወጣል። «አንቺ ካልወረወርሽልኝ መልሕቅ አላነሣም» ብሏል። እኔም ባሌን ያለ ኮኮናት ሸኝቻለሁ፤ ልጄን አልሸኝም።

ፈቃድህን ጠይቂ ተብያለሁና ይኸው ጠየቅሁህ። ነገር ግን ይህን ወረቀት የምታመጣልህ የእሳት መርከብ እስክትደርስ ጨረቃዋ ሞልታ ትጎድላለች፤ ኮኮናቱም ከእጄ ወጥቷል። እሺ ብለህ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። እምቢ የምትል ከሆነ ግን ቀለምህን ቆጥብ።

ሚስትህን ሶናባይን ጉንጯን ሳምልኝ። ልጅህን ቪራምን አደግህ ወይ በልልኝ። በስሜ የጠራሃትን ትንሿን ጄትባይን ግንባሯን ሳምልኝና ፊደል ዛሬውኑ አስጀምራት፤ እንደ እኔ እስክታረጅ አትጠብቅ።

እህትህ ጄትባይ
ማንድቪ፣ የሽራቫን ወር ጨረቃ በታየች በሦስተኛው ቀን፣ በአገራችን አቆጣጠር ፲፱፻፵፮