ስለ ተነቀለው ሰሌዳና ስላልተመረጠው ሥርዓት

ለከተማችን አስተዳደር ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ልጆችዎን በሙሉ ጤንነት፣ ወንበርዎንም በነበረበት ቦታ እንድታገኝልኝ በትሕትና እመኛለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ከመቀመጫዬ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ወደ እሱም እመለሳለሁ።

በገበያችን ቆጮ ተራ ለሠላሳ አንድ ዓመት ቆጮ የሸጥኩ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። የተማርኩትም በጽሕፈት ቤትዎ በር የቆመውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ሰው ሳልለምን ለማንበብ ነበር። ስምንት ወር አነበብኩት። ከዚያ ድረ ገጽ ይሠራል ተባለና ሰሌዳው ተነቀለ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ድረ ገጹ ሳይሠራ ሰሌዳውን ቀድመው ስላነሱልን አመሰግናለሁ። አሮጌ ቤቱን አፍርሶ ለአዲሱ የቆርቆሮ ቀለም ሲያማርጥ አንድ ዓመት ከአምስት ወር የሚፈጅ ሰው ከዚህ በፊት አላየሁም ነበር። ደጅ የቀረነው ግን እኛ ነን።

2. ስለ ጥናቱ ጥልቀት አመሰግናለሁ። የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለው ነገር ለድረ ገጹ ይመች እንደሆነና እንዳልሆነ ለመወሰን ኮሚቴዎ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰብስቧል፤ ለልምድ ልውውጥም ሆሳዕና ሦስት ቀን ሰንብቷል። በአሥራ ሁለተኛው ስብሰባ የኅብረተሰብ ተወካይ ስለ ጎደለ እኔን ከገበያ አስጠሩኝ። የታሸገ ውሃም ቀረበልኝ።

ባለሙያዋ ረምላ ነገሩን በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። ሥርዓቱ ካለ፣ ኮምፒውተር ያልተማረ ሠራተኛ እንኳ ባለሙያ ሳይጠራ ማስታወቂያ ጽፎ ያወጣል። ከሌለ ግን እያንዳንዷ መስመር እሷን ትጠብቃለች፤ እሷ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረች ዕለት ድረ ገጹ ባለበት ይቀራል። ለቁጥጥሩም ቢሆን ሠራተኛው ይጽፋል፣ እርስዎ ያጸድቃሉ፣ ከዚያ ይወጣል ብላ አሳየችን። እኔም ይሄማ ያለቀ ጉዳይ ነው አልኩ በልቤ። የቢሮ ሥራ አለማወቄን ይቅር ይበሉኝ።

3. «እስኪ እኚህ እናት ይሞክሩት፤ እሳቸው ከቻሉ ማንም ይችላል» ብለው ስለሣቁልኝ አመሰግናለሁ። ኮሚቴውም አብሮዎት ሣቀ። ረምላ ወንበሯን ለቀቀችልኝና «እማማ፣ አይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ ይንኩት» አለችኝ። ቆጮ ተራ ወደ አዲስ ሼድ ይዛወራል ከተባለ ወዲህ ስጠይቀው የኖርኩትን በአንድ ጣቴ፣ በሃያ ደቂቃ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በአዲሱ ሼድ ቦታ የተሰጣቸው የቆጮ ሻጮች ስም ዝርዝር የት ተለጠፈ?» ለሙከራው ማጽደቂያ አልተደረገም ነበርና፣ የማውጫውን ቁልፍ ስነካው ጽሑፌ ወጥቶ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ በትልቁ ታየ፤ ሣቁም ቆመ። እርስዎ የደብዳቤ ቁጥር የለውም ብለው አስሰረዙት። በከተማችን ድረ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ የወጣው ማስታወቂያ የእኔ ብቻ ሲሆን፣ ዕድሜውም አራት ደቂቃ ነበር።

4. መልሱን በማግሥቱ ከጽሕፈት ቤትዎ የፋይል ሠራተኛ ስላገኘሁ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩ ተፈርሞ፣ «ድረ ገጹ ሲያልቅ የሚወጣ» የሚል ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ስሜ የለበትም። ቅሬታ ማቅረቢያው አሥር ቀን ነው፤ አሥሩም ቀን ከተፈረመበት ዕለት ጀምሮ ተቆጥሮ አልፏል። የፋይል ሠራተኛው ማስታወቂያውን ለምን በጊዜው እንዳላየሁ ጠየቀኝ፤ ፊቱን አይቼ የምሩን መሆኑን ተረዳሁ። አሁን ቆጮዬን የምሸጠው ባጃጅ በሚዞርበት መንገድ ዳር፣ የእንሰት ቅጠል አንጥፌ ነው።

5. ቃለ ጉባኤውን እንድፈርም ሲልኩልኝ የጣት ቀለም አብረው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። እስክሪብቶ ነበረኝ። መጀመሪያ ግን አነበብኩት። ውሳኔው ሥርዓቱ «ለማንኛውም ሰው ለመጻፍ ቀላል ሆኖ በመገኘቱ ለቁጥጥር የማያመች» ስለሆነ ተጨማሪ ጥናት ይደረግ ይላል። ለማንኛውም ሰው የተባለው እኔ መሆኔ ገባኝ። ፊደል መማሬ ለከተማው ይህን ያህል ሥጋት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ፤ አልፈረምኩም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ዝርዝሩ ሰው በሚያየው ቦታ ይውጣ፤ አሥሩ ቀንም ከወጣበት ዕለት ይቆጠር። ሥርዓቱን ከመረጡ እሰየው፤ ካልመረጡ ሰሌዳውን ይመልሱልን። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበትን ቦታ በፋይል ውስጥ ልነጠቅ አይገባኝም።

የጥናትዎን ዕድሜ እንዲህ ያረዘመ አምላክ የእኔንም አሥር ቀን በጥቂቱ እንዲያረዝምልኝ እየጸለይኩ፣ ለኮሚቴው አባላት ሁሉ በየወንበራቸው ሰላምታዬን የማቀርብ፣ ስሜን በራሴ እጅ የጻፍኩ፣

ትርፊት ሃንዲሶ
የኅብረተሰብ ተወካይ፣ የቀድሞ ቆጮ ተራ ነጋዴ

ማሳሰቢያ፦ ሰሌዳው ቢነቀልም ሁለቱ ቋሚዎቹ በበርዎ አሁንም አሉ። በመካከላቸው ጣውላ መትቼ ይህችን ደብዳቤ በአራት ሚስማር ለጥፌያታለሁ። ከጣውላ ላይ ይሰረዝ ብለው የሚያዙት የኮምፒውተር ባለሙያ ስለማይኖር ወጥተው በእጅዎ መንቀል ይኖርብዎታል። ነገ የገበያ ቀን ነው፤ እኔም እዚያው ፊት ለፊት ቅጠሌን አነጥፋለሁ።