ሰባት ቁጥርና አሥራ ዘጠኝ ቁጥር

ሐሙስ፣ ጥር 6
ከሐይቁ የሚነሣው ደመና ሌሊቱን በረዶ ሲተፋ ስላደረ ደጁን ስጠርግ ዋልኩ። ከዚያ እናቴ ምግብ ቤት፣ የሥጋና የድንች ፓስቲ ማመላለስ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው ጀርባና ጀርባ ተቀምጠዋል... አያቴ ኡርሆና ጋሽ ቫይኖ። ድሮ በከተማችን ኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ቡድን አብረው ተጫውተዋል። አይነጋገሩም። የሚሰዳደቡት በኔ በኩል ነው።

ዘንድሮ ኮሌጁ የምንጊዜም ምርጡን ተጫዋች ማሊያ ከሆኪ አዳራሹ ጣሪያ ሊሰቅል ነው። የድሮ ተጫዋቾች ድምፅ ይሰጣሉ። ወይ የአያቴ ሰባት ቁጥር፣ ወይ የቫይኖ አሥራ ዘጠኝ።

«ለሰውዬው ንገሪው» አለ አያቴ፤ «ጎል ያገባ ሁሉ ጀግና አይደለም። መንገድ የጠረግኩለት እኔ ነኝ።»

«ለሽማግሌው ንገሪው፤ ጥርስ ማርገፍ ምርጥ ካሰኘ፣ ማሊያው ለከተማው ጥርስ ሐኪም ይሰቀል።»

ይቺን ቅመም ጨምሬ አደረስኳት። አያቴ ሹካውን ጠረጴዛው ላይ ሰካው።

«የሱ ከተሰቀለ የዚያን አዳራሽ ደጅ አልረግጥም።»

«የኔ ጨዋታስ፣ አባባ?»

ሹካውን ነቅሎ መብላት ቀጠለ። በረኛ ሆኜ የምጫወተው እዚያው ነው። አንድም ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም... የምሩን ይሆን?

እሑድ፣ ጥር 9
ጠባቸው ከምን እንደመጣ እናቴን ጠየቅኋት። ለዋንጫው ጨዋታ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ልምምድ ላይ፣ አያቴ የሆኪ ዱላውን ቫይኖ እጅ ላይ አሳረፈው። ጣቶቹ ደቀቁ። ያለ ቫይኖ ዋንጫው ተበላ። አያቴ «አዳልጦኝ ነው» ይላል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዳዳለጠው።

«እጅ አልተጨባበጡም?»

«ከጨዋታ በኋላ ተሰልፎ የሚጨባበጥ ተጋጣሚ ነው። የአንድ ቡድን ልጆች መቼ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ?»

እ... እንዲህ ነው ነገሩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 15
የአንጋፋዎች ጨዋታ፤ የድሮዎቹ ተጫዋቾች ለሁለት ተከፍለው ይጋጠማሉ። ማሊያ አዳይ ማን ናት? እኔ። ነጩን ለአያቴ፣ ቀዩን ለቫይኖ።

«እኔም ነጭ ነኝ» አለ ቫይኖ።

«አልቋል ጋሼ።» አላለቀም ነበር።

ገና ከመጀመሩ አያቴ ቫይኖን ከግድግዳው ጋር አላተመው። ቫይኖ ተነሥቶ በዱላው አፉን አለው። የአያቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ በበረዶው ላይ ተንሸራተተ፤ በረኛው ተወርውሮ ያዘው። ሳቅሁ። ከዚያ አያቴ በቡጢ የቫይኖን አፍንጫ ሰበረው። ቀጭ ሲል እስከኔ ተሰማ። ቫይኖ በጉልበቱ ጎኑን ደጋገመው። በረዶው ቀላ። ሳቄ ጠፋ... ምን አደረግሁ?

አያቴ ወደቀ። ጓንቱ ወልቋል፤ እጁ በረዶው ላይ ተዘርግቷል። ቫይኖ ከላዩ ቆሞ ዱላውን አነሣ።  አያቴ እጁን መሰብሰብ ይችል ነበር። አልሰበሰበም።

ዱላው ወረደ። ከጣቶቹ አጠገብ፣ በረዶው ላይ። እንክትክቱ ወጣ።

ሲያልቅ ተሰለፉ። ደም እየተፉም ቢሆን ይሰለፋሉ። አያቴ የቫይኖን እጅ ጨበጠ። የቫይኖ ጣቶች አልታጠፉም። አያቴ እጁን ገልብጦ አየው... አየው። ከኋላው ሰልፉ ቆመ።

«አላዳለጠኝም» አለ፣ ያለ ጥርሱ። በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ሰማሁት።

ቫይኖ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ሰኞ፣ ጥር 17
የአያቴ የጎድን አጥንት ተሰብሯል። ሐኪሙ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ቢለው «ሰባት ቁጥር ነኝ» አለው።

ቅዳሜ፣ ጥር 29
አሥራ ዘጠኝ ቁጥር አሸነፈ። አያቴ ድምፁን ለማን እንደሰጠ አይናገርም። ዛሬ ጠዋት «አልሄድም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማሊያውን በገመድ ስቦ የሚሰቅለው ባለቤቱ ነው፤ ወጉ ነው። ማሊያውን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቫይኖ ገመዱን ያዘ። ጣቶቹ እምቢ አሉ። ማሊያው ትንሽ ወጥቶ ተመልሶ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ጫማውን ያያል።

ያኔ አንድ ሰው ጎኑን ይዞ በረዶው ላይ ወጣ። አልረግጥም ያለው ሰውዬ። ገመዱን ከቫይኖ ተቀብሎ መሳብ ጀመረ፤ በሳበ ቁጥር ያቃስታል።

ቫይኖ ወደኔ ዞረ። «ለሽማግሌው ንገሪው፤ ቀስ ይበል።»

«ዛሬ ሥራ የለኝም ጋሼ።»

ወደ አያቴ ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኡርሆ... ቀስ በል።»

«ዝም ብለህ ሽቅብ እይ» አለው አያቴ።