«ተሰማኝ» ያልኩለት የጎማ እጅ

ለተከበሩ የአካል ስሜት ምርምር ክፍል ኃላፊ፣ ፕሮፌሰር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ ሁለቱም እጆችዎ ከነጣቶቻቸው በቦታቸው እንዳሉ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ በእርስዎ መዝገብ ግን «ተሳታፊ ቁጥር ሃያ ሦስት» እባላለሁ። ስለ ጎማ እጅ ባደረጉት ጥናት ሊሸለሙ መሆኑን ሰማሁ። ለዚያ ሽልማት የበኩሌን ውሸት ያዋጣሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ዝም ማለቱ ህሊናዬን ስለከበደው ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ አቀባበላችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። ገና ኮሪደሩ ላይ ስደርስ «የጎማ እጅ የራስዎ ሲመስልዎ ይገረማሉ» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ጠበቀኝ። ረዳትዎ፣ ትሕትናዋ የሚያስቀና ወጣት፣ ቀኝ እጄን ከጥቁር መጋረጃ ጀርባ አስቀምጣ የጎማውን እጅ ፊቴ ዘረጋች። ከዚያም ሁለቱን እኩል በብሩሽ መዳበስ ከመጀመሯ በፊት «አይዞዎት እትዬ፣ አብዛኛው ሰው የራሱ እጅ ይመስለዋል» አለችኝ። ፈተናው ሳይጀመር መልሱን የሚነግር መምህር በልጅነቴ ገጥሞኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ዛሬ ፕሮፌሰር በሆንኩ ነበር።

ሁለተኛ፤ እውነቱን ልንገርዎና ምንም አልተሰማኝም። የተሰማኝ የብሩሹ መኮርኮር ብቻ ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝም ዓይኔ የጎማው አውራ ጣት ላይ ካለው ጠማማ መጋጠሚያ አልነቀል ብሎ ነበር። ያቺ ወጣት ግን አስር ደቂቃ ሙሉ አጎንብሳ ለፋች። ወገቧን ይዛ ቀና ካለች በኋላ «የጎማው እጅ የራሴ እንደሆነ ተሰምቶኛል» ለሚለው ከአንድ እስከ ሰባት ነጥብ ይስጡት ብላ በጉጉት ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ አንድ ብዬ ላሳፍራት አንጀቴ አልቻለም። ስድስት ጻፍኩ። ሰባት ያላልኩት እንዳይነቃብኝ ነው። ብዙ መሣሪያ ባለበት በዚያ ክፍል ውስጥ ይሉኝታን የሚለካ አንድም አላየሁም።

ሦስተኛ፤ መዶሻው። ረዳትዎ ድንገት መዶሻ አውጥታ የጎማውን እጅ ስትመታው ዘለልኩ፤ ይህም «አእምሮዋ እጁን ተቀብሎታል» ተብሎ ተመዘገበልኝ። ክቡርነትዎ፣ አፍንጫዬ ሥር መዶሻ የሚያነሳ ሰው ካለ የሻይ ብርጭቆም ቢመታ እዘላለሁ። ብርጭቆው ግን እጄ አይደለም።

አራተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ታላቅ ወንድሜ አናጺ ነበር፤ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ቀኝ እጁን ከአንጓው ቆረጠው። የሌለው እጁ ያመዋል፤ ጣቶቹ ተጨብጠው ጥፍሮቹ መዳፉን የሚወጉት ይመስለዋል። ቀና ብሎ እህል እንዲቀምስ የሚያደርገው ማስታገሻው ነበር። ጥናትዎ ሲወጣ ሆስፒታሉ ከአስር ሰው ስምንቱ የጎማ እጅን እንደ ራሱ ተቀብሏልና ለወንድሜም የጎማ እጅ በብሩሽ ቢዳበስለት ሕመሙ ይለቀዋል ብሎ መድኃኒቱን አቋረጠበት። ከስምንቶቹ አንዷ እኔ ነኝ። ወንድሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብሩሹ ምንም እንዳልፈየደለት ቢናገር፣ ሐኪሙ ካርዱ ላይ «ለሕክምናው ፈቃደኛ አይደለም» ብሎ ጻፈበት። በአራተኛው ሳምንት ወንድሜ፣ የአንድ እናት ልጆች ነንና፣ ሐኪሙን ላለማስቀየም «አዎ፣ አሁንስ ተሰማኝ» አለ። ተሽሎታል ተብሎ ካርዱ ተዘጋ። አሁን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ የሌለ ቡጢውን ለመፍታት በግራ እጁ አየሩን ሲፈለቅቅ ይውላል። ያቺን ስድስት የጻፍኩት እሱ ላይ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ለራሴ ይቅር አልልም፤ ለእርስዎም እንደዚያው።

ከሙያዬ አንዲት ነገር ላካፍልዎ። ሜትር ወገቡ ላይ ሲዞርበት ሆዱን የማይስብ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ ስለ ሌላ ነገር አጫውተዋለሁ፤ ረስቶት ሲተነፍስ ነው ቁጥሩን የማነበው። እናንተ ግን ሆዳችንን እንድንስብ ነግራችሁን፣ እንደሳብን ለክታችሁን፣ አገሩ ሁሉ ቀጭን ነው ብላችሁ ጻፋችሁ።

ስለዚህ ስድስቴ ተሰርዞ አንድ ተብሎ እንዲጻፍልኝ፣ ከእንግዲህም ለሚመጡት መልሱን ከመንገር ይልቅ ምን ጠብቀው እንደመጡ እንድትጠይቋቸው በትሕትና አመለክታለሁ። የወንድሜን ካርድ በተመለከተ ግን አላመለክትም፤ በዚህ ሳምንት ተከፍቶ መድኃኒቱ ይመለስለት።

ሁለት እጅ ብቻ ያላት፣ ለሦስተኛውም ተመኝታ የማታውቅ፣ ታዛዥነቷ ያስጠቃት አክባሪዎ፣
ተሳታፊ ቁጥር ሃያ ሦስት

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ወር ለሽልማቱ ቀን የሚለብሱትን ኮት ሊያሰፉ ሱቄ ሲመጡ አላወቁኝም። ሜትሩን ወገብዎ ላይ ከማዞሬ በፊት «አብዛኛው ምሁር ደንበኛዬ ወገቡ ቀጭን ነው» አልኩዎት፤ ወዲያው ሆድዎን ሳብ አደረጉ። እስኪተነፍሱ አልጠበቅኩም፤ በጥናትዎ ደንብ በዚያው ልክ ሰፍቼዋለሁ። ኮቱ ደርሷል። ጠበበኝ ካሉ ደብተሬ ላይ «ለልብሱ ፈቃደኛ አይደሉም» ብዬ እጽፋለሁ።